የጥር ቀጠሮ

«ሜ ልጄ፣ ሂጂና ከፈለን ጥሪልኝ» አለ ሸኩር። «አውፍ ሳንባባል መሞት አልፈልግም።»

ፈድሊያ የሾርባውን ሳህን መሬት አስቀመጠች። የአባቷ ዓይን እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል፤ ሆዱ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ገፍቶታል። ከጎረቤቱም ከደንበኛውም ይቅር ተባብሎ ጨርሷል። የቀረው የቀበሌው ጸሐፊ ከፈለ ብቻ ነው።

«ዝናብ ነው እኮ፣ አባ።»

«ዝናቡ ያባራል፤ እኔን ማን ይጠብቀኛል? በጥር መንገድ ስለከለከለኝ ስንት ጊዜ ረግሜዋለሁ። እርግማኔን ይዤ አልሄድም።»

ኮንጎ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። ከፈለ መንገድ አልከለከለም። ይህን የምታውቀው ደግሞ እሷ ብቻ ነበረች።

ሸኩር ልብስ ሰፊ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ጉበቱ ታሞ እንደደረቀ ነገረው፤ በወጣትነቱ ይዞት ከነበረው የወፍ በሽታ የተረፈ ነው አለው። «እንዲህ ባለ ጉበት ላይ ዕጢ ሊበቅል ይችላል። ሲጀምር አያምም። እርስዎ ደህና ነኝ ሲሉ እሱ ያድጋል። ስለዚህ ሳያምዎት በየስድስት ወሩ ይምጡ፤ በመሣሪያ ልይዎት። ትንሽ ሆኖ ካገኘሁት ቆርጦ ማውጣት ይቻላል።» ሸኩር ቀጠሮውን አክብሮ ተመላለሰ። በሄደ ቁጥር ምንም ሳይገኝበት ይመለስ ነበር።

በጥር ሥራ ስለበዛበት የሐኪሙን ደብዳቤ ለፈድሊያ ሰጥቶ አዲስ አበባ መሄጃ የይለፍ ወረቀት እንድታመጣለት ላካት። በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሰልፉ እስከ ደጅ ይደርሳል። ከፈለ የያንዳንዱን ሰው ደብዳቤ ጮክ ብሎ እያነበበ ይመዘግባል። ከፊቷ የቆመው ሰውዬ ተራው ደርሶ «የጉበት ሕመም» የሚለው ሲነበብ፣ የክፍል ጓደኛዋ የለጢፋ እናት ከኋላ «የጠጁን ዋጋ አገኛታ!» ብለው ሳቁ። ሰልፈኛው በሙሉ አብሮ ሳቀ።

አባቷ ጠጅ ቀምሶ አያውቅም፤ ሶላት አያመልጠውም። ግን ይህን ለማን ታስረዳለች? ነገ ክፍል ውስጥ የሚባለው ታያት። ደብዳቤውን አጣጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችና ከሰልፉ ወጣች።

«ለዘመቻ ተብሎ መንገድ ተዘግቷል። ከፈለ አይቻልም አለኝ» አለችው አባቷን። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ ስላልነበረ አመናት። ደግሞም ምንም አላመመውም።

ቀጣዩ ቀጠሮው ደርሶ በሐምሌ ሲሄድ ሐኪሙ መሣሪያው ላይ ብዙ ቆየ። ዕጢው ብርቱካን ያህላል፤ በዙሪያው ሌሎች ትንንሾች አሉ። «በጥር መጥተው ቢሆን ኖሮ...» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው።

ከፈለ ፈድሊያን ሲያይ ከመዝገቡ ቀና አለ። «የሸኩር ልጅ! ጓድ ልብስ ሰፊ እንዴት አደረ?»

«አውፍ ሊልዎት ይፈልጋል። በጥር... መንገድ ስለከለከሉት።»

«እኔ?» ብዕሩን አስቀመጠ። «ኧረ እኔ ሕመምተኛ ከልክዬ አላውቅም! ደብዳቤውስ መቼ ደረሰኝ?»

«ደብተሬ ውስጥ ቀረ» አለች ፈድሊያ። ከፈለ ፊቷን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሌላ የሚያውቅ አለ?»

«የለም።»

ጃንጥላውን አነሳ። «በይ ነይ። ከልክዬ ነበር እለዋለሁ። እኔን እንደሆነ ሰው ድሮም ይረግመኛል፤ አንድ ቢጨመር ምን እሆናለሁ? አንቺም ትተርፊያለሽ፣ እሱም በሰላም ይሄዳል።»

በአንድ ጃንጥላ ሥር ጭቃውን እየዘለሉ ሄዱ። ከጥር ወዲህ ደረቷ ላይ የተጫነው ነገር ቀለል አላት። ቤታቸው በር ላይ ሲደርሱ አባቷ እናቷን ሲያናግር ተሰማ።

«ዘይቡ፣ ደህናውን ወንበር አቅርቢለት። ሰውዬው ታዞ ነው እንጂ በራሱ አልከለከለኝም። በደለኛው እኔ ነኝ።»

ፈድሊያ ቆመች።

«ጋሼ ከፈለ፣ እዚህ ይቆዩልኝ።»

«ተስማምተን አልነበር?»

«መጀመሪያ እኔ ነኝ አውፍ የምለምነው።»

«ብትነግሪውም እኮ አይድንም፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ።»

ጫማዋን አውልቃ ገባች። «እማ» አለች ሳትቀመጥ፣ «ትንሽ ብቻችንን ተይን።»