የአቶ ረሻድ ግራ እግር

ይህ ነገር እውነት ነው። ውሸት የሚል ካለ ዘይነባን አያውቃትም።

ግንቦት 1964 ዓ.ም.፣ ኮልፌ፣ አንድ ትንሽ የግል ሆስፒታል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት... በጠራራ ፀሐይ።

ዘይነባ የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። መርፌውን በቆርቆሮ፣ ደም የነካውን የቁስል ማሸጊያ ጎዝ በበርሜል፣ ከሰው የተቆረጠውን አካል ክዳን ባለው ባልዲ ለይታ ታስቀምጣለች። አካሉን ቤተሰቡ ወስዶ ይቀብረዋል።

ቁስል አጣቢውን ድሬሰር ደመቀን ይህ ያስቀው ነበር። ደመቀ ማለት አሚዶ የጠጣ ጋዋን ለብሶ በሽተኛ የሚያመናጭቅ፣ መርፌ እንኳ በቅጡ መውጋት የማይችል ባዶ ጉረኛ ነው።

«ቆሻሻ ቆሻሻ ነው! ሠርግ ያለብሽ ይመስል ምን ትደረድሪያለሽ?» ይላታል።

ሰኞ ዕለት የአቶ ረሻድ ግራ እግር በስኳር በሽታ ምክንያት ተቆረጠ። ይሄ ደንቆሮ እግሩን ከጎዙ ጋር በርሜሉ ውስጥ ወረወረው። ማክሰኞ ጠዋት መኪናው ቆሼ ወስዶ ደፋው።

ከሰዓት ልጃቸው ዩሱፍ ነጭ ጨርቅ ይዞ መጣ።

«የአባቴን እግር ልቀብር ነው።»

ደመቀ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ፍልጥ በጎዝ ጠቅልሎ ሰጠው! ልጁ አቅፎት እያለቀሰ ሄደ።

«ትንፍሽ ብትዪ ሥራ የለሽም» አላት ዘይነባን።

የምታሳድጋቸው ሦስት ልጆች ነበሯት። ዝም አለች። ያንን ዝምታዋን እስከ ዛሬ ትጠላዋለች።

ረቡዕ፣ ስምንት ሰዓት። ኮሪደሩን ወልውላ ዞር ስትል...

እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ዱካ አየች።

የባዶ እግር ነው። የቆሼ አመድ የነካው... ሁሉም የግራ።

ሐሙስ ዱካው ከጓሮ በር ተነስቶ እስከ ኮሪደሩ መሃል ደረሰ።

«አቶ ደመቀ... ኧረ ይመልከቱት።»

«አንዱን አንካሳ ለማኝ አስገብተሽ ነዋ!» ብሎ ሳቀባት።

አርብ ዱካው ደመቀ ክፍል ገባ።

የወጣበት ግን የለም።

«ዘይነባ...» አለ ደመቀ ከውስጥ፣ በሹክሹክታ።

«አቤት?»

«ልጁን... ዩሱፍን ጥሪልኝ። ቶሎ...»

በሩን ከፈተችው።

ደመቀ ጠረጴዛው ላይ እጆቹን ዘርግቶ ተቀምጧል። ያ ሁሉ ጉራ የት እንደገባ እንጃ፤ ፊቱ በላብ ርሷል። ወደ ታች እንዳታይ በዓይኑ ለመናት።

አየች።

ከጠረጴዛው ሥር ሁለት ጫማ ያደረጉ እግሮች አሉ... በመሃላቸው ደግሞ አንድ ባዶ እግር።

ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ።