የላይኛው መንገድ

ኒሶ በዳገቱ ጠርዝ በቆፈረችው ጉድጓድ እስከ ወገቧ ገብታ፣ ከግድግዳው ሥር በረዶ በጓንቷ ዘገነችና አብረዋት ለነበሩት ልጆች አሳየች። አልያያዝ ብሎ እንደ ስኳር በጣቶቿ መሃል ፈሰሰ።

«በመጀመሪያው ብርድ የወረደው ነው» አለች። «አሁን ነፋስ ያመጣው ከባድ በረዶ ተጭኖታል። ሰው ከረገጠው ሊናድ ይችላል። የላይኛውን መንገድ ትተን በታች እንሂድ።»

ሾይራ ከኋላ ቆማ ከንፈሯን ነከሰች። ባርታንግ ሸለቆ ተወልዳ ያደገችው እሷ ናት፤ ኒሶ ከኾሮግ ከተማ ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም። መምህር ዳቭላት ናዳን አስቀድሞ ለማወቅ ለሚረዳው የበረዶ ቅኝት ሥልጠና የላኩት ግን ኒሶን ነበር። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ የሚወራው ስለ እሷ ሆነ። የሾይራ እናት እንኳ ሾርባ እየቀዱ «እንዴት ያለች ልጅ ናት» ስላሉ፣ ሾይራ እራቷን ሳትጨርስ ተነሥታ ነበር።

በታች መሄድ ማለት ወንዙን ተከትሎ መዞር ነው። ከትምህርት ቤት ወደ መንደራቸው የሚመለሱት ልጆች ብርዱ ስለጠናባቸው አጉረመረሙ።

«አታካብጂ ባክሽ» አላት ቁርቦን። «አያቶቻችን ሲሄዱበት የኖሩት መንገድ እኮ ነው።» ወዲያው ወደ ሾይራ ዞረ። «አንቺ የአገሩ ልጅ ነሽ። ትናንት በዚህ ሄደሽ አልነበር? ምን ነበረው?»

ሁሉም አዩዋት። እንዲህ የምትጠየቅበትን ቀን ስትናፍቅ ኖራለች። «ምንም» ብትል፣ ኒሶ እዚያው ጉድጓዷ ውስጥ ኩምሽሽ ትላለች።

ትናንት ግን መሃል መንገድ ላይ በረዶው ከእግሯ ሥር ድም ብሎ ሰምጦ፣ ስንጥቁ እንደ እባብ ከፊቷ ሮጦ ነበር። ወዲያው ወደ ኋላ ተመለሰች። ኒሶ ስለ ናዳ የምታወራውን ማጽናት ስለመሰላት ለማንም አልተናገረችም።

«ድም አለ» አለች። «ከእግሬ ሥር ድም ብሎ ተሰነጠቀ። ከመሃል ነው የተመለስኩት። ኒሶ ልክ ናት።»

የመጨረሻው ቃል እንደ ኮሶ መረራት።

በታች ሄዱ። ጫማቸው በስብሶ፣ መሽቶባቸው ገቡ። ናዳው ግን አልወረደም፤ በማግስቱም አልወረደም። ቁርቦን «ሁለቱ ነቢያት» እያለ ሙድ ያዘባቸው። መምህር ዳቭላትም በክፍሉ ፊት ያመሰገኑት ኒሶን ብቻ ነበር።

ከክፍል ሲወጡ ኒሶ ሮጣ ሾይራ ላይ ደረሰችባት።

«ባትናገሪ ኖሮ ማንም አይሰማኝም ነበር» አለቻት። «እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። በረዶውን ነገ እንደገና ላየው ነው። ብቻዬን ግን እፈራለሁ።»

 ሾይራን ቅናቱ አልለቀቃትም፤ አሁንም ደረቷ ውስጥ ይፋጃል። ቀና ብላ ዳገቱን አየችው። ነጭና ጸጥ ያለ ነው፤ ሸክሙንም አላራገፈም።

«ፀሐይ ሳትነካው ነው የሚሻለው» አለች። «በማለዳ በእኛ በር እለፊ። አብረን እንወጣለን።»