ከዜማው በኋላ የሚቀዳው ውሃ

ዳርሚ ሊበን እንደ ወትሮዋ ማለዳ ጫማዋን በር ላይ አወለቀችና በባዶ እግሯ ቦረናን ልትዞር ገባች።

የምትሠራበት አዳራሽ "መንታ ምድር" ይባላል። ስሙ እንደሚለው የሀገሩ መንታ ነው፤ ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ሕያው ካርታ ሆኖ፣ ውጭ ያለው መሬት የሆነውን ሁሉ እሱም እኩል ይሆናል። ሜዳው ውስጥ የተቀበሩት መሣሪያዎች የአፈሩን ጥማት ይልካሉ፤ ሰማይ ላይ ያሉት ሣሩንና ደመናውን ይልካሉ፤ በአራዊቱ ቆዳ ሥር ያሉት ቅንጣቶች ደግሞ ማን ወዴት እንደሄደ ይናገራሉ። ይህ ሁሉ ወለሉ ላይ ለእግር የሚሰማ ነገር ይሆናል። ደረቁ መሬት የውስጥ እግርን ይለበልባል፣ እርጥቡ ይቀዘቅዛል፣ አራዊት የሚያልፉበት ደግሞ ይኮረኩራል። አዲስ ተቀጣሪ የመጀመሪያ ቀን ሳይስቅ አይወጣም። የውሃ ክፍሉ ኃላፊ ኢንጂነር ሽመክት ብቻ ነው ካልሲውን አላወልቅም ብሎ ስንት ዘመን የኖረው። እሱ ቁጥሩን ከጠረጴዛው ላይ ማየት ይበቃኛል ይላል፤ የቢሮው ሰው ግን በእግር ጣቶቹ አፍሮ ነው ብሎ ያማዋል።

ዳርሚ ዞራ ስትጨርስ "የዕለቱን ቃል" ትናገራለች፤ ቃሏም በያንዳንዱ አርብቶ አደር ጆሮ ይደርሳል። በዚህ በኩል ሣሩ አላገገመም፣ አትንዱ። በዚያ በኩል ዝሆኖቹ እየመጡ ነው፣ መንገድ ልቀቁ። መቼም መንግሥት ለሕዝብ ከሚሠራው ሥራ ሁሉ እንደዚህ የሚያኮራት የለም። ምድር የሚያህል ነገር ታሞ እንደሆነ፣ ድኖ እንደሆነ በውስጥ እግር ማወቅ! ይህን ያህል ዘመን ሠርታም መገረሙ አልለቀቃትም።

ያን ዕለት ግን የሚያስደስት ነገር አልነበረም። ዝናቡ ለተከታታይ ወቅቶች ቀርቶ ወለሉ እንደ ምድጃ ግሏል። ዳርሚ በጣቶቿ ጫፍ እየረገጠች፣ ኡፍ ኡፍ እያለች፣ ወደ ደቡብ ወረደች። ኤላ ዲምቱ አጠገብ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። እግሯ ሥር ቀዝቅዟል።

ኤላ ማለት ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ነው። ድሮ ወንዶቹ ከውሃው ጀምሮ እስከ ላይ አንዱ ካንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ ባልዲ ይቀባበሉበት ነበር። ዛሬ የሰውን ቦታ የያዘው "ቅብብል" ነው፤ በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ተደራርበው የተተከሉና አንድ አእምሮ ያላቸው የብረት ክንዶች። መሐንዲሶቹ መጀመሪያ ሲሠሩት ዘፈኑን ትተውት ነበር። ብረት ምን ዘፈን ያስፈልገዋል ብለው ነዋ! ከብቶቹ ግን ዜማ ካልሰማን ውሃ አንጠጋም ብለው አሻፈረኝ አሉ። ውሃው ገንዳው ላይ ሞልቶ፣ ከብቱ ተጠምቶ ማዶ ቆሞ፣ መሐንዲሶቹ ተፋጠው ዋሉ። በመጨረሻ የመጨረሻዎቹን ቀጂዎች የእጅ ስልትና ድምፅ ባንድ ላይ ገምደው ለማሽኑ አስተማሩት። ከታች ሦስተኛው ክንድ የሚዘፍነው በዳርሚ አባት፣ በሟቹ ሊበን ድምፅ ነው።

ሊበን በሕይወት ሳለ ከኤላው የሚመለሰው ሁልጊዜ ከሰው ኋላ ነበር። የሌሎቹ ልጆች አባቶቻቸው ገብተውላቸው ሲበሉ፣ ዳርሚና እናቷ ዳኪ በር በሩን ያያሉ። ዳኪ የት ቆየህ ስትለው መልሱ አንድ ነው፤ "እንግዶች ነበሩብኝ።" ሌላ ቃል አይጨምርም። ዳኪም ባሏ ከየጎረቤቱ ወሬ ሲጠርቅ እያመሸ የሚሸነግላት መስሏት፣ ከሞተ በኋላ እንኳ ይቅር ብላው አታውቅም። እስከ ዛሬ ሰው ሲዘገይባት "እንደ ሊበን እንግዳ በዛብህ?" ትላለች።

ዳርሚ ቅዝቃዜው ከየት እንደመጣ ልትጠይቅ ውሃ ክፍል ስትሄድ ሽመክት ፊቱን ቅጭም አድርጎ ጠበቃት። ነገሩን እሱም ደርሶበታል። የኤላ ዲምቱ ቅብብል ከብቱ ከሚጠጣው በላይ እየቀዳ ነው፤ ትርፉ የት እንደሚገባ አይታወቅም፤ ሰንጠረዡም ለዓመታት "ብክነት" እያለ መዝግቦታል። በደህናው ዘመን ማንም ልብ አላለውም። አሁን ግን በዚህ ድርቅ ሌሎች መንደሮች ከዚያው የከርሰ ምድር ውሃ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ነገ ማሽኑን "ሊያጠሩት" ነው፤ የኖረበትን ትውስታ ሁሉ ሰርዘው አዲስ አእምሮ ሊጭኑበት።

ዳርሚ የአባቷን ድምፅ ለብቻው ማውጣት አይቻልም ወይ ብላ ጠየቀች፤ መልሱን ግን ከሱ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። ድምፁና የእጁ ስልት አብረው የተገመዱ ናቸው፤ አንዱ ሲሳብ ሌላው ይበጠሳል።

"ዳርሚ፣ የአባትሽ ነገር አልጠፋኝም" አላት ሽመክት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ግን ከብት እያለቀ አሸዋ አናጠጣም።"

ሐቅ ነው።  ዳርሚ እስከ ነገ ጠዋት ጊዜ እንዲሰጣት ለመነችው። "ውሃው በከንቱ የሚፈስ ከሆነ ማንንም አያስቸግሩ፣ እኔው በእጄ አጠራዋለሁ" አለችው። 

የጣቢያውን በራሪ ጋሪ ተሳፍራ ኤላ ዲምቱ ስትደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ቅብብሉ ባልዲውን ከክንድ ወደ ክንድ እያሻገረ፣ በሙታን ድምፅ እየተቀባበለ ይዘፍናል፤ ከብቱም በተራ በተራ እየገባ ይጠጣል። ተራ የሚያስይዘው አባ ሄሬጋው፣ ኦቦ ጃተኒ፣ ዘንጉን ተደግፎ ቆሟል። ዳርሚ ሰላምታ ሰጥታ ስለ ትርፉ ውሃ ጠየቀችው። የሚያውቀው ምሥጢር ካለ ብላ ነበር።

"ልጄ፣ ያመለከትኩት እኮ እኔ ነኝ" አለ ኦቦ ጃተኒ። እሱ እንደሚለው ማሽኑ አርጅቶ ይቃዣል፤ ከብት ከሄደ በኋላ ይቀዳል፤ ጃተኒ በልጅነቱ፣ ሰው ሲቀዳ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ይህን ይበል እንጂ እሱ በልጅነቱ ከብቱ ጠጥቶ እንዳበቃ ቀድሞ ወደ ቤት የሚሮጥ ነበር፤ በኋላ የሆነውን በምን ያውቃል?

የመጨረሻው መንጋ ጠጥቶ ሄደ። ዜማው አበቃ። ኦቦ ጃተኒ "በይ እዪው" ብሎ አገጩን ወደ ጉድጓዱ ቀሰረ። ክንዶቹ አላረፉም። ያለ ዘፈን፣ ቀስ ብለው፣ ባልዲው ከግድግዳው እንዳይጋጭ እየተጠነቀቁ ጥቂት ቀዱና ገንዳው ውስጥ አፈሰሱት። ከዚያ ታጠፉ።

ሁለቱም ሊሄዱ ሲሉ ዳርሚ የጃተኒን ክንድ ያዘች። ከእሾሁ ቁጥቋጦ ውስጥ በዓይኗ ዙሪያ ሰማያዊ ቀለበት ያላት ግራጫ ቁራ ወጥታ የገንዳው ጠርዝ ላይ አረፈች። ሌሎች ተከተሏት። ጅግሮቹ በእግራቸው መጡ። ሚዳቋዎቹ ቆም እያሉ፣ ጆሯቸውን እያዟዟሩ ቀረቡ። የሜዳ አህዮቹ ከኋላ ሆነው ተራቸውን ጠበቁ። ማንም ማንንም አልገፋም። ኦቦ ጃተኒ ዕድሜውን ሙሉ ተራ ሲያስይዝ የኖረ ሰው፣ አፉን ይዞ ቀረ።

ዳርሚ እንደተመለሰች የትርሲትን በር አንኳኳች። ትርሲት የዱር እንስሳት ክፍል ተመራማሪ ናት፤ ክፍሏ ከሽመክት ክፍል ጋር ፊት ለፊት ነው። ስለዚያች ግራጫ ቁራ ስትጠይቃት ትርሲት ሳቀች፤ እሷንም ስታናድዳት የኖረች ወፍ ናት። ሙቀቱ በጨመረው መጠን ከጠፋች መቆየት ነበረባት፤ ስሌቱ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ወፏ ግን ኤላ ዲምቱ ዙሪያ አልጠፋም ብላለች። ትርሲትም በሰንጠረዟ ላይ "ምክንያቱ ያልታወቀ" እያለች ስትጽፍ ኖራለች።

እንግዲህ ልብ በሉ። በአንድ ኮሪደር ወዲህ "ብክነት"፣ ወዲያ "ምክንያቱ ያልታወቀ"። ሁለቱ ሰዎች በየቀኑ አብረው ሻይ ይጠጣሉ፣ በልጆቻቸው ልደት ይጠራራሉ፤ ሁለቱን ሰንጠረዦች ግን አንድም ቀን ጎን ለጎን አስቀምጠው አያውቁም። የአፈር ክፍሉንማ ተዉት፤ እርጥበቱን አይቶ መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ትቶታል። ለካ ውሃውን የሚጠጡት አራዊት የቁጥቋጦ ዘር በፋንድያቸው ይዘው መጥተው፣ ዘሩ በቅሎ፣ ቁጥቋጦው አፈሩን ከፀሐይ ሸሽጎ ኖሯል።

የቀረው አንድ ጥያቄ ነው። ማሽኑ ይህን ከማን ተማረ?

መልሱ ያለው በመረጃ ማከማቻው ምድር ቤት ነበር። ድሮ ቅብብል ሲሠራ የየቀጂው አንጓ ላይ አምባር ታስሮ፣ የእጁ እንቅስቃሴ ሁሉ ተቀድቷል። "የእጅ ትውስታ" ይሉታል፤ አምባሩን ያጠለቀ ሰው እጁ የዚያን ሰው እጅ ሆኖ ይንቀሳቀሳል። ዳርሚ የአባቷን አምባር አውጥታ አጠለቀች። ከዚህ በፊት ነክታው አታውቅም፤ ፈርታ ነው።

እጇ ተነሣ። ከታች ተቀበለ፣ ወደ ላይ አሻገረ፣ ተቀበለ፣ አሻገረ። የሊበን ጉልበት በትከሻዋ ገባ። ሲደክመው ደከማት። ዜማው ሲያበቃ እጁም የሚያርፍ መስሏት ነበር። አላረፈም። ልክ ዛሬ ክንዶቹ እንዳደረጉት፣ ቀስ ብሎ፣ ድምፅ እንዳያሰማ እየተጠነቀቀ ቀዳ። ከዚያ ሰውነቷ ሁሉ የመውጣት ስልት ተሰማው፤ እጁ መሰላሉን እየጨበጠ ወደ ላይ፣ ወደ ገንዳው። የመጨረሻውን ባልዲ አዘንብሎ አፈሰሰ። ከዚያም እጁ በጉልበቱ ላይ አርፎ ምንም ሳይንቀሳቀስ ቆየ። የሚጠጣ ነገር እንዳይደነግጥበት የሚጠብቅ ሰው እጅ ነው።

"እንግዶች ነበሩብኝ።"

ዳርሚ አምባሩን ሳታወልቅ ተንሰቀሰቀች። የሞተ ሰው እጅ በእጇ ውስጥ ዝም ብሎ እየጠበቀ፣ እሷ ታለቅሳለች።

በትውስታው ጥግ የጥንት ባለሙያዎች ምልክት አለ፤ "ትርፍ እንቅስቃሴ፣ ይቆረጥ" ይላል። ያልቆረጠው ማን እንደሆነ አይታወቅም። አንድ ስሙ ያልተጻፈ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ጥቅሙ ሳይገባው፣ የታየው ሁሉ እንደታየ ይቀመጥ ብሎ ተወው። ዳርሚ ያን ሰው ብታገኘው ጉልበቱን ትስም ነበር።

ጠዋት ሽመክትን ወደ መንታ ምድር ይዛው ገባች። አስቀድማ ምንም አላለችውም፤ ካልሲውን እንዲያወልቅ ብቻ ጠየቀችው። ሽመክት ግራ ቀኙን አይቶ፣ እያጉተመተመ አወለቀ። በግለቱ ላይ እየዘለለ፣ እየተራገመ ተከተላት። ኤላ ዲምቱ ሲደርስ ቅዝቃዜውን ቆሞ አዳመጠው፤ ከዚያ አንድ ነገር ውስጥ እግሩን ኮረኮረውና ሽማግሌው መሐንዲስ ሳያስበው ሳቀ።

"ምንድን ናቸው?" አላት።

ነገረችው። አባቷን፣ አምባሩን፣ ትርሲትን፣ ሁሉንም። ሽመክት ጎረቤት መንደሮቹን ማሰቡ አልቀረም፤ ዳርሚም አልሸፋፈነችበትም፤ የምትለው ይህ ውሃ ጥቂት እንደሆነ፣ የያዘው መሬት ግን ብዙ እንደሆነ ብቻ ነበር። በመጨረሻ "አይጠራም" አለ። ቢሮው ገብቶ "ብክነት" የሚለውን ቃል ከሰንጠረዡ አነሳና ምን ብሎ እንደሚተካው ቸግሮት አስጠራት። ዳርሚ "እንግዶች" ብላ ስትነግረው ሳይከራከር ጻፈው።

ከዚያ የሊበንና የጓደኞቹ ትውስታ ለሌሎቹም ኤላዎች ተጫነ። አራዊት ከጠፉባቸው ከቆዩ ስፍራዎች ማሽኖቹ ከዜማው በኋላ ጥቂት ቀድተው ያፈስሳሉ፤ የሚመጣ የለም። በማግስቱም ያፈስሳሉ። ሽመክት አሁን በየማለዳው በባዶ እግሩ እየዞረ፣ በየገንዳው አጠገብ እየቆመ ይጠብቃል። አንድ ቀን ከሩቁ ኤላ አጠገብ ሆኖ "ዳርሚ፣ ነይ፣ ነይ!" ብሎ ሲጣራ፣ ሮጣ ሄዳ እግሯን ከእግሩ አጠገብ አኖረች። አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ጅግራ ብትሆን ነው። ሁለቱም እስክትሄድ አልተነቃነቁም።

ዳርሚ ያን ዕለት እናቷ ቤት የደረሰችው ዘግይታ ነው። ዳኪ አርጅታለች፤ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። ገና የበሩን ድምፅ ስትሰማ "ምነው፣ እንደ ሊበን እንግዳ በዛብሽ?" አለች።

ዳርሚ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ያዘችና ስለ ገንዳው፣ ስለ ቁራዋ፣ ስለማይቸኩለው እጅ አወራቻት።  ስትጨርስ አሮጊቷ ወደ በሩ ዞራ አየች።

"ምነው በነገረኝ" አለች። "ምግቡን እንዳይቀዘቅዝ ሸፍኜ እቆየው ነበር እኮ።"