ከድንበሩ ድንጋይ ወዲያ

ሁዘይፋ ሞቶ የተገኘው ከወይራ አምባ ፓርክ የድንበር ድንጋይ ወዲያ፣ ጤዛ ባራሰው ሣር ላይ ነው። በቀኝ ጎኑ ተጋድሟል። ፊቱ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ ዞሯል፤ ዓይኖቹ ተከድነዋል፤ አገጩም በጨርቅ ቅዳጅ ታስሯል። ጥይቱ የመታው ደረቱን ነው። የመንግሥት ክላሹ ካዝናው ሙሉ እንደሆነ ከአጠገቡ ተቀምጧል።

ኢንስፔክተር ጽናት ከደሴ ተጠርታ ስትደርስ፣ ቀድመው ከኮምቦልቻ የመጡት ፖሊሶች ምንተስኖትን በካቴና አስረውት ነበር። ምንተስኖትና ሟቹ ፓርኩን የሚጠብቁ ስካውቶች ናቸው። ትናንት በር ላይ ሲጨቃጨቁ ሰው ሁሉ ሰምቷቸዋል።

«ቶሎ ጨርሱልን ልጄ» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ጀናዛ አይቆይም። ዛሬውኑ ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ እንቀብረዋለን።»

ጽናት ከአስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። ሸሚዙ ጥይቱ በገባበት ዙሪያ ተቃጥሏል። መዳፎቹን ገለጠች፤ ሁለቱንም የባሩድ ጥላሸት ነክቷቸዋል። የሣሩን ዙሪያ አየች። ትግል የነበረበት ቦታ አይመስልም። የአገጩን ማሰሪያ ነካ አደረገችው፤ ከአረንጓዴ ሽርጥ ጠርዝ የተቀደደ ነው።

ወደ ምንተስኖት ዞረች። «በምን ተጣላችሁ?»

«በአባቱ። ጋሽ እንድሪስ ወደ እህታቸው ልጅ ሠርግ ሲሄዱ፣ ምንሽራቸውን አንግተው በፓርኩ ሊያቋርጡ መጡ። ፈቃድ ያለው መሣሪያ ቢሆንም ፓርክ ውስጥ አይገባም። ጥይቱ በር ላይ ይራገፋል፣ መሣሪያው እኛ ዘንድ ይቆያል፣ ለባለቤቱ የሚመለሰው ከድንበር ውጭ ነው። ሕጉ ይኸው ነው።»

«እና?»

«ሠርገኛው እያየ ሁዘይፋ ‹አባባ፣ ያስረክቡ› አላቸው። ‹ያሳደግኩት ልጅ ትጥቄን ያስፈታኝ?› ብለው ጮሁ። ካዝናውን አራግፈው መሣሪያውን ሰጡት። ሠርጉንም ትተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።»

«ማቀባበያውን ስቦ አይቶት ነበር?»

ምንተስኖት ቀና አለ። «እጁን ዘርግቶ ነበር። አባቱ ‹በእኔ ላይ ደግሞ ፍተሻ?› ሲሉት ሰበሰበው። ‹ፈትሽ እንጂ፣ ግዴታህ ነው!› ብዬ ተቆጣሁት። ‹አንተ አባት የለህም እንዴ?› አለኝ። ጠባችን ይህ ነው።» እንባው ወረደ። «ኢንስፔክተር፣ በጾም ቀን ሽሮዬን ለብቻ የሚያስቀምጥልኝ ሰው ነው። እኔ እሱን ልግደል?»

«ምንሽሩ አሁን የት አለ?»

«የመሣሪያ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ የለም። ቁልፉ በሁዘይፋ እጅ ነበር።»

የእንድሪስ ቤት ከድንበሩ ቁልቁል ነው። ፖሊሶቹ ምንተስኖትን ይዘው ጽናትን ተከተሉ። የሟቹ ሚስት ፈትሂያ ከሴቶቹ መሃል ተነሥታ ወጣች።

«ተኩሱን ሰምተሻል እኅቴ?»

«እንዴት አልሰማ? የንጋቱን ሰላት፣ ሱብሂን፣ ሰግደን አባባ ቁርኣን ይቀሩ ነበር። ሲተኮስ ንባቡ አፋቸው ላይ ቀረ። ‹ዝንጀሮ የሚያባርር ሰው ይሆናል› አልኳቸው።»

«የባልሽ ወንድምስ?»

«አብዱልወሀብ? ታላቁ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ለቢስቲማ ገበያ ብሎ ወጣ። መርዶ ሰምቶ ቅድም ነው የተመለሰው።» ፈትሂያ የሻሿን ጫፍ ዓይኗ ላይ አደረገች። «ሁዘይፋዬ ትናንት እራት አልበላም። ‹አባቴን ሰው ፊት አዋረድኩት። ሰው ሳይነሣ በሁለት እጄ እመልስለታለሁ› ሲል አደረ።»

ሰዉ ግቢ ውስጥ እንደተሰበሰበ እንድሪስ ምንሽራቸውን ይዘው ከጓዳ ወጡ። ጠመንጃውን ጽናት እግር ሥር አስቀመጡ።

«ያንን ልጅ ፍቱት። የገደልኩት እኔ ነኝ። አዋረደኝ፤ ከቁጥቋጦ ሥር አድፍጬ ከሩቅ ተኮስኩበት።»

«ላ ኢላሃ ኢለላህ!» ሰዉ ተንጫጫ። አብዱልወሀብ ጋቢውን እንደተከናነበ መሬት መሬት ያያል።

«ከሩቅ የተተኮሰ ጥይት ሸሚዝ አያቃጥልም አባባ» አለች ጽናት ቀስ ብላ። «ደግሞም ሲተኮስ እርስዎ ቁርኣን ላይ ነበሩ። ፈትሂያ ምስክር ናት።»

ምንሽሩን አንሥታ ማቀባበያውን ሳበች። አንድ ባዶ ቀለሃ ዱብ አለ። ካዝናው ውስጥ ምንም የለም።

«ሰው ሊገድል የወጣ ካዝናውን ይሞላል። ይህ መሣሪያ ግን የጎረሳት አንዲት ጥይት ብቻ ነበረችው። ትናንት በር ላይም ጎርሷት ነበር። ሁዘይፋ አባቱን አፍሮ አልፈተሸም። ጠዋት መሣሪያውን ይዞ ድንበሩን ተሻገረ፤ ምክንያቱም ሕጉ እንዲመለስ የሚፈቅደው እዚያ ነው። የመንግሥት መሣሪያውን አልነካም፤ የመጣበትን ሰው አልፈራውም።»

«ታዲያ ማን ተኮሰበት?» አሉ ሽማግሌው።

«እዚህ አገር ለታላቅ መሣሪያ ሲሰጥ ሰደፉ ወደ ተቀባዩ፣ አፈሙዙ ወደ ሰጪው ይሆናል። ሁዘይፋም እንደዚያ ነው የሰጠው። መዳፎቹ የጠቆሩት ለዚህ ነው። ተቀባዩ በንዴት መነጨቀው፤ ጣቱ ቃታው ላይ አረፈ። ከዚያ የሆነውን ሲያይ ዓይኑን ከደነ፣ ወደ ቂብላ አዞረው፣ ከሽርጡ ቀድዶ አገጩን አሰረለት። ጠላት ይህን አያደርግም።» ወደ ታላቅ ወንድሙ ዞረች። «አብዱልወሀብ፣ ጋቢህን ግለጥ።»

አልገለጠም፤ ጋቢው ራሱ ከትከሻው ተንሸራቶ ወደቀ። የአረንጓዴ ሽርጡ ጠርዝ ተቀድዷል።

«ወላሂ ባዶ መስሎኝ ነው!» ብሎ በጉልበቱ ተንበረከከ። «‹ለአባባ ንገርልኝ፣ ይቅር ይበለኝ› እያለ ነው የዘረጋልኝ። ‹አሁን ነው ይቅርታው?› ብዬ ነጠቅኩት… ቢስቲማ አልሄድኩም። ምንሽሩን በጓሮ ለአባባ አቀብዬ ተደበቅኩ እንጂ የትም አልሄድኩም።»

«የላክሁት እኔ ነኝ» አሉ እንድሪስ። «‹ሂድና ትጥቄን አምጣ› ብዬ። ባዶ ጠመንጃ ያነገተ ወንድ ወንድ አይደለም ብሎ ነው አባቴ ያሳደገኝ። ካዝናዬን ባራግፍም አንዷን አጉርሼ እይዛለሁ። ትናንትም ያዝኩ። ‹አንዲት ጥይት አለች› ማለት ምን ይከብዳል? እልህ ያዘኝ። ልጄ፣ እኔ ነኝ ስልሽ አልዋሸሁም።»

ጽናት የምንተስኖትን ካቴና ራሷ ፈታችለት። ለአብዱልወሀብ ግን ካቴናውን አላወጣችም።

«ሕግ ፊት ትቀርባለህ» አለችው። «መጀመሪያ ወንድምህን ቅበር።»

ከአስር ሰላት በኋላ ሁዘይፋን ተሸክመው ወጡ። አብዱልወሀብና ምንተስኖት ከፊት ጎን ለጎን ያዙት። ሰላተል ጀናዛ፣ የሟቹ ስግደት፣ ከመሰገዱ በፊት የሟች አባት ወደ ሕዝቡ ዞሮ «ልጄን አውፍ በሉት» ብሎ ይቅርታ ይለምንለታል፤ ወጉ ነው። ሰዉ ተሰልፎ ጠበቀ። እንድሪስ ለመዞር ሞከሩ፤ አንገታቸው እምቢ አላቸው። ቃሬዛው ላይ ጎንበስ ብለው ከፈኑን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ሁዘይፋ፣ አውፍ በለኝ» አሉ።

ከዚያም መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጆሯቸውን ጣል አድርገው ቆዩ። ኢማሙም «ቀና በሉ» ሊላቸው አልደፈረም።