የሺአረግ በቀረጡ ሰሞን

የሺአረግ ወልደ ጻድቅን መጀመሪያ ያየችው በስልኳ ነው። ያየችው ዕለትም ጠላችው።

ሰውዬው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ኢኮኖሚክስ ያስተምራል። ከዚያ ጎን ለጎን በፌስቡክ ገጹ ላይ ስለ ንግድ ጦርነት፣ ስለ ቀረጥ፣ ትናንት ወዳጅ ሆነው ዛሬ ስለተኳረፉ መንግሥታት በቪዲዮ ያወራል። ተከታዩ ብዙ ነው። አሜሪካ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ቀረጥ የጨመረች ሰሞን፣ ፈገግ ብሎ እንዲህ አለ፦

«ሸሚዝ እየሰፋ የከበረ አገር የለም። የልብስ ፋብሪካዎቻችን ቢዘጉም ብዙ አይጎድልብንም።»

የሺአረግ ይህን የሰማችው ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ምሳዋን እየበላች ነው። ከዱርቤቴ መጥታ በሰፊነት የተቀጠረች፣ በስምንት ዓመት ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ የሆነች ሴት ናት። ያን ዕለት ጠዋት ልብሳቸውን የሚገዛው የአሜሪካ ኩባንያ ትእዛዙን በግማሽ መቀነሱ ተነግሯቸው ነበር። ምሳዋን ሳትጨርስ ከደነችው።

ቅዳሜ ከሥራ ባልደረባዋ ከውዴ ጋር ወደ ፔዳ ሄዱ። ሁለቱ ግሽ አባይ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ፣ እንደ እህት የሚተያዩ ናቸው። አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ሰውዬው ስልኩን አቁሞ ሲያወራ አየችው። ውዴ እጇን ብትይዛትም አልቆመችም።

«ብዙ አይጎድልብንም ያልኸው አንተ ነህ?»

ቀና አለ። «እህቴ፣ ቀጥታ ስርጭት ላይ ነኝ...»

«እንዲያውም ጥሩ። ይስሙ። እኛ ማለት ማነው? አንተ ምንህ ነው የሚጎድለው? ደመወዝህ? ምሳህ? እኔ ሥር ስልሳ ሴቶች አሉ። እነሱን ቆጥረሃቸው ታውቃለህ?»

 እሷም ሳትሰናበት ሄደች።

ማታውኑ ከተማው ሁሉ አያት። ያደነቃት ነበረ፤ ያላገጠባት ግን በለጠ። «የቀረጥ ሚኒስትሯ» የሚል ስም ወጣላት። ሰኞ ፋብሪካው ውስጥ ጥበቃው ሳይቀር በዚያ ስም ጠራት። ቀኑን ሙሉ ጥርሷን ነክሳ ዋለች። በመውጫ ሰዓት ሰውዬውን በር ላይ ቆሞ አገኘችው።

«ደግሞ ምን ቀረህ?»

«ቪዲዮውን አጥፍቼዋለሁ። ይቅርታ ልልሽ ነው የመጣሁ።»

«ከሁለት ቀን በኋላ?»

«ሰው ሲቀባበለው ደስ ብሎኝ ነበር» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ምክንያት መደርደር እችል ነበር። እውነቱ ግን ይኸው ነው።»

ሰበብ ስትጠብቅ ሰበብ አጣች። ይህም አናደዳት።

«የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ገብተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ከየት አመጣኸው?»

«ከመጽሐፍ።»

ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ፊቷን አዞረች።

እንዲህ ተጀመረ። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በጣና ዳር መንገድ አብረው መሄድ ለመዱ። እሷ አንድ ሸሚዝ በስንት ሴት እጅ እንደሚያልፍ ነገረችው። እሱ ባሕር ማዶ የተፈረመ ወረቀት እንዴት የአንዲት ውዴን እጅ ሥራ እንደሚያስፈታ አስረዳት። ብዙውን ጊዜ ይጣሉ ነበር። አባቱ በዘጌ መሪጌታ ናቸው። «እኛ ቤት የተሳሳተ ቆሞ ነው የሚታረም» አላት አንድ ቀን። በማግስቱ ገጹ ላይ «ስለ ልብስ ፋብሪካዎች የተናገርሁት ስሕተት ነበር» ብሎ ተናገረ። የሰደቡት ብዙ ናቸው። እሷ ግን ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አየችው።

በአራተኛው ወር፣ ፀሐዩ ውኃው ላይ ሲያቃጥል፣ «የሺ፣ ሳትቆጪኝ የዋልሁበት ቀን ይጎድልብኛል» አላት።

«ወደድኸኝ ማለት ነው ወይስ ታመምህ?»

«ሁለቱም።»

እጁን ያዘችው። የዚያን ቀን አልተጣሉም።

ደስታዋ ሦስት ሳምንት አልሞላም። ገዥው ኩባንያ የተጨመረውን ቀረጥ ፋብሪካው ራሱ እንዲችለው ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁ የፈረቃ ኃላፊዎችን ሰበሰበ። መቶ ስልሳ ሴቶች ያለ ደመወዝ ሦስት ወር ቤታቸው ይቀመጣሉ፤ ግን «ፈቃዱን የጠየቅሁት እኔው ነኝ» ብለው ይፈርማሉ። ፊርማውን የሚሰበስቡት ኃላፊዎቹ ናቸው። እንቢ ያለ እሱም አብሮ ይወጣል።

የሺአረግ ሰበሰበች። ውዴ እስክሪብቶውን ይዛ ቀና ብላ አየቻት። ባሏ ለሥራ ርቆ የሄደባት፣ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

«ልፈርም፣ የሺ?»

«ፈርሚ።»

ውዴ ሳታነብ ፈረመች።

እሁድ የሺአረግ ይህን ሁሉ ለወልደ ጻድቅ ነገረችው። በሰው ፊት አልቅሳ የማታውቅ ሴት በጣና ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

«ለማንም እንዳትናገር። ወረቀቱ ምን እንደሚል ለውዴ እኔው ራሴ እነግራታለሁ። አቅም እስካገኝ ነው።»

«አልናገርም» አላት።

ረቡዕ ዕለት ገጹ ላይ ጠብ ተነሣ። ስም የሌለው አንድ ሰው «ቀረጡ ኢትዮጵያን አይነካም፤ ይህ መምህር ተከፍሎት ነው የሚያለቅስ» ብሎ ጻፈ። ሌላው መምህሩን «ውሸታም» አለው፤ ሌላው ሳቀበት። ወልደ ጻድቅ ደሙ ፈላ። ቁጣው ሳይበርድለት እንዲህ ብሎ መለሰ፦ «እዚሁ ባሕር ዳር አንዲት የፈረቃ ኃላፊ የእህቶቿን ፊርማ እንድትሰበስብ ተገድዳለች። ‹ልፈርም?› ላለቻት ነፍሰ ጡር ጓደኛዋ ‹ፈርሚ› ብላታለች። ቀረጥ አይነካንም የምትል አንተ፣ ለእሷ ንገራት።»

ሰዓት ሳይሞላው ደንግጦ አጠፋው። ግን ሺህ ሰው ገልብጦታል።

የሺአረግ ከሥራ ስትገባ ውዴ ልብሷን በፌስታል እየከተተች ነበር። ስልኳ ላይ ያለውን ጽሑፍ አሳየቻት።

«እኔ ነኝ አይደል?»

«ውዴ...»

«ወረቀቱ ምን እንደሚል ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ውዴ አልጮኸችም። «ከሰው ገጽ ላይ ከማነበው አንቺ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» ብላ ወደ አክስቷ ቤት ሄደች። በማግስቱ ለየሺአረግ የፋብሪካው ደብዳቤ ደረሳት። የድርጅቱን ምስጢር በማውጣቷ ተሰናብታለች።

በቀትር ወልደ ጻድቅን ፔዳ ግቢ በር ላይ ጠብቃ ያዘችው። ተማሪዎች ዙሪያቸውን ያልፋሉ።

«አሸነፍኸው?» አለችው።

«ማንን?»

«ያን የምትከራከረውን ሰው።»

«የሺ፣ ተናድጄ ነው። በደለኛ ነኝ...»

«ስሙን ታውቀዋለህ?»

 «ስም የለውም» አለ።

«ስም ለሌለው ሰው ነው የሰጠኸኝ። ያለቀስሁትን ለቅሶ። የውዴን ሆድ። ክርክር ልትረታበት።» ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር፤ እሱን ያስፈራው ያ ነው። «ቁጣ የእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። የአንተ ግን ሰው ይበላል።»

ስልኩን ዘጋችበት። መልእክቱም ጥሪውም እንዳይደርሳት አደረገች። ባሕር ዳርን በሙሉ የጠላች መሰላት። በፌስቡክ ስለ ቀረጥ የሚያወራ ፊት ባየች ቁጥር ስልኳን ወደ ፍራሹ ትወረውራለች። እነዚህ ሰዎች የሚከራከሩት በማን ሕይወት ነው ትላለች። እንቅልፍ አጥታ ሌሊቱ ሲነጋባት ግን ቁጣዋ ወደ ራሷ ይዞራል። እስክሪብቶውን ያቀበለችው እሷ ናት።

ፋብሪካውን ከሰሰች። ጠበቃዋ የመከራት ነገር አጭር ነው፦ ለመምህሩ ምንም አልነገርሁም በይ። ተስማማች፤ ጽፋም አስገባች።

የሥራ ክርክር ችሎቱ ዕለት ወልደ ጻድቅ ከፋብሪካው ጠበቃ ኋላ ሲገባ አየችው። የተጠራው የፋብሪካው ምስክር ሆኖ ነው።  ሁለተኛ ጊዜ፣ አለች በልቧ። ሁለተኛ ጊዜ ሸጠኝ።

ቃለ መሐላ ፈጸመ።

«መረጃውን የሰጠችህ እሷ ናት?» አለ የፋብሪካው ጠበቃ።

«እሷ ናት።»

ጠበቃው ፈገግ ብሎ ሊቀመጥ ሲል ዳኛዋ ወልደ ጻድቅን አስቆመችው። «ምን ብላ ነገረችህ? በትክክል።»

«መቶ ስልሳ ሴቶች ሳይፈልጉ ፈቃድ ጠየቅን ብለው መፈረማቸውን። እንቢ ካለች እንደምትባረርም። ይህን የነገረችኝ እያለቀሰች ነው። ለማንም እንዳልናገር ቃል አስገብታኝ ነበር። ቃሌን የበላሁ እኔ ነኝ። የወጣ ምስጢር ካለ ያወጣሁት እኔ ነኝና፣ የሚከሰስም ካለ እኔ ነኝ።»

 ዳኛዋ ወደ የሺአረግ ዞረች። «አንቺ በጽሑፍ አልነገርሁትም ብለሻል።»

ጠበቃዋ «እንዳትናገሪ» በሚል ራሱን እየነቀነቀ አያት። የሺአረግ ተነሣች። ከኋላ ወንበር ላይ ውዴ ሆዷን ይዛ መቀመጧን ያን ጊዜ አየች።

«የጻፍሁት ውሸት ነው» አለች። «ነግሬዋለሁ። ፊርማውንም የሰበሰብሁ እኔ ነኝ። ሳያነቡ የፈረሙ አሉ፤ እኔን አምነው። አንዷ ከኋላ ተቀምጣለች። እኔን ብትቀጡኝ አልከፋም። እነሱ ግን ፈቃድ አልጠየቁም። አንዳቸውም አልጠየቁም።»

ፍርዱ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። ሠራተኛን አስገድዶ ማስፈረም ምስጢር ተብሎ የሚጠበቅ ነገር አይደለም ተባለ። የሺአረግ ወደ ሥራዋ ትመለስ፤ ቃሏን ሰምተው ክሱን የተቀላቀሉት ሴቶችም የሦስት ወሩ ደመወዛቸው ይከፈላቸው ተባለ። ፋብሪካው ለትምህርት ቤቶች የደንብ ልብስ የመስፋት ሥራ አገኘና ከተቀመጡት ከግማሽ የሚበልጡት ተመለሱ። የቀሩት አልተመለሱም። ገዥው ኩባንያም ከዚያ ወዲያ ትእዛዝ አልላከም።

የፍርዱ ዕለት ውዴ የፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጠበቀቻት። «አክስቴ ቤት ይጠባል» አለቻት። ተቃቀፉ።

ወልደ ጻድቅ በግቢው ካሉት ዘንባባዎች ሥር ለብቻው ቆሞ ነበር። የሺአረግ ወደ እሱ ሄደች።

«የፋብሪካው ምስክር ሆነህ ትመጣለህ?»

«መጥሪያ ደረሰኝ። ልነግርሽ ሞከርሁ፤ ዘግተሽኛል። ግቢሽ ድረስ መጥቼ አጣሁሽ፤ ውዴን አክስቷ ቤት ሄጄ አገኘኋት። ‹የምትለውን እዚያው በል፤ እኔም መጥቼ እሰማሃለሁ› አለችኝ።»

«ብትዋሽልኝ ኖሮስ?»

«ሴቶቹ ፈቃድ ጠያቂ ሆነው ይቀሩ ነበር። አንቺም ያን ተሸክመሽ ትኖሪ ነበር።»

ትክክል መሆኑን አወቀች። ትክክል መሆኑም አበገናት።

«ይቅር አላልሁህም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ያን የጻፍኸውን መቼም አልረሳውም። እርጅናህ ላይም አነሣብሃለሁ።»

ቀስ ብሎ ቀና አለ። «እርጅናዬ ላይ?»

«ሰምተኸኛል። ዱርቤቴ አባቴ አሉ። ሽማግሌ ላክ።»

ከፋሲካ በኋላ የወልደ ጻድቅ አባት መሪጌታው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ዱርቤቴ ገቡ። የሺአረግ ጓዳ ሆና ትሰማለች። የሽማግሌዎቹ ጥያቄ በወጉ ከቀረበ በኋላ አባቷ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«አባቴ፣ እርስዎ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነዎት፤ አልደብቅዎትም። ልጄ ቁጡ ናት። ኋላ አልተነገረንም እንዳትሉ።»



«እሱን ሰምተን ነው የመጣን» አሉ መሪጌታው። «ልጄ ሌላ አልፈለገም።»

ጓዳ ውስጥ ውዴ ልጇን ታቅፋ ሳቀች። የሺአረግም በነጠላዋ አፏን ይዛ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።