ሦስት ሜትር

አጥናፉ ጠዋት ጠዋት ስፌት መኪናው ላይ ከመቀመጡ በፊት የሚስቱን የስንዱን ትራስ ያስተካክላል፤ መስኮቱን ይከፍትና ሌሊቱን ቤቱ ውስጥ የታፈነውን የመድኃኒት ሽታ ከጦሳ ተራራ በሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ይለውጣል። በዚያ ሳምንት ሌላ ሥራ ጨመረ። ከአባቱ የወረሰውን አሮጌ ካሜራ ይዞ ከአልጋው ግርጌ ትይዩ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ካለፈው ክረምት ጎርፍ አንድም የስንዱ ፎቶ አልተረፈም፤ ሐኪሙም ወደ ቤቷ ውሰዳት ብሎታል።

"ለለቅሶዬ ነው አይደል?" አለችው።

"ለግድግዳው ነው።"

"እንግዲያው ጉንጬን ሞላ አድርገህ አንሳኝ።"

በካሜራው መመልከቻ ውስጥ ሁለት ስንዱዎች ይታያሉ፤ አንዷ እውነተኛዋ፣ ሌላዋ የገረጣች። የሌንሱን ቀለበት ሲያዞር የገረጣችው ወደ እውነተኛዋ ትጠጋለች፤ አንድ ሲሆኑ ፎቶው ጥርት ብሎ መውጣት አለበት። አንድ አድርጎ አነሳት። ፊልሙ ሲታጠብ ፊቷ ጭጋግ ነበር። ጥርት ብሎ የወጣው እግሯ ላይ ያለው ብርድ ልብስ ብቻ ነው፤ እሱም ሰው እንደተቀመጠበት ጎድጉዷል።

ፎቶ አንሺው ጋሽ ከድር ካሜራውን ፈታ፣ ጠረገ፣ ሱቁ በር ላይ ባለ ወንበር ፈተነው።

"ካሜራህ ከእኔ ዓይን ይሻላል" አለ። "ቀለበቱ ላይ ያለው ቁጥር ርቀት ነው። አንድ ስታደርጋት ስንት ላይ እንደሚቆም እየው፤ በሜትርህም ለካ።"

አጥናፉ የልብስ ሜትሩን ሁለት ጊዜ ዘረጋ። ከሌንሱ እስከ ስንዱ አፍንጫ ልክ ሦስት ሜትር ነው። ቀለበቱ ግን ሁለት ተኩል ላይ ቆመ፤ ሜትሩ እዚያ ላይ ጉልበቷ ጋ ነው የሚደርሰው። በዚያኛው ፎቶ ብርድ ልብሱ የጎደጎደው ጉልበቷ አጠገብ ነበር።

በማግስቱ ቀለበቱ ወደ ሦስት ይበልጥ ተጠጋ።

"አጥናፉ፣ ይሄን ብርድ ልብስ አንሳልኝ። ደረቴን ከበደኝ።"

አነሳላት።

"ሁለተኛውንም።"

ሁለተኛ አልነበረም።

ጋሽ ከድር ይህን ሲነግረው ራሱን ነቀነቀ። "የሚያሳይህን አትመን። ቀለበቱን ሦስት ላይ አድርገህ ዝም ብለህ ተጫን።"

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር፤ ክፍሉ በቀን ጨለመ፣ የእርጥብ አፈር ሽታ ገባ። አጥናፉ ቀለበቱን ሦስት ላይ አደረገና እጁን አነሳ። በመመልከቻው ውስጥ ሁለቱ ስንዱዎች ተራርቀው ነበር። ከዝናቡ ሥር የአልጋው ሽቦ ሲንቋቋ ሰማ፤ ቀስ እያለ፣ ከግርጌ ወደ ራስጌ። ቀለበቱን ማንም ሳይነካው የገረጣችው ስንዱ ወደ እውነተኛዋ መጠጋት ጀመረች። አጥናፉ ሳይገጥሙ ልቅደም ብሎ ተጫነ። ስንዱ ከዚያ በኋላ አልተነፈሰችም።

ፊልሙን ከካሜራው ውስጥ ያወጣው ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ጋሽ ከድር ነው። አጥናፉ፣ ጥርት ካለ ሳልቀድመው ፊቷ ላይ ደርሶ ነበር ማለት ነው ብሎ፣ እስከ ሣልስቱ ድረስ ፎቶው እንዲደበዝዝ ሲለምን ሰነበተ፤ ጋሽ ከድር ግን በድንኳኑ ውስጥ ጎንበስ ብሎ፣ "ይኸው ተሳካልህ፣ ሽፋሽፍቷ እንኳ ይቆጠራል" እያለ እጁ ላይ አኖረለት።