ዳገት ላይ መቆም

በዚያ ዓመት የቡናው ፍሬ ዛፉ ላይ እንዳለ ጠቆረና ረገፈ። በሽታ ነው አሉ። ባለርስቶቹ ግን ድርሻቸውን አልቀነሱም። ክረምቱ ሳይገባ እህል አለቀ። ከብት ያለው ከብቱን ሸጠ፤ የሌለው ጫካ ገባ። ጫካ የገባውም መብላት ነበረበትና መንገድ ላይ ወጣ። ከዴዴሳ ድልድይ ወደ ዲጋ በሚወጣው ዳገት ላይ መኪና ተቃጠለ፤ ሾፌር ታረደ። ከዚያ በኋላ ወደ ቆላው የሚወርድ መኪና ጠፋ።

ሽፍቶቹ ሞኞች አልነበሩም። የሚጠብቁት የዳገቱ መታጠፊያ ላይ ነው። እዚያ ማንኛውም መኪና በአንደኛ ማርሽ ይንፏቀቃል፤ ሰው በእግሩ ይቀድመዋል።

የድርቤ አባት ዋጋሪ ዲጋ ውስጥ ትንሽ ጋራዥ አለው። አኖ አጠገብ ተገልብጣ የተጣለች አንዲት ትንሽ መኪና ጎትቶ አምጥቶ ነበር። የኋላ በሯ ወደ ላይ ይከፈታል፤ ሞተሯ ከፊት ነው፤ የሚጎትቷትም የፊት ጎማዎቿ ናቸው። ዋጋሪ ያንን መታጠፊያ በሁለተኛ ማርሽ ካላስወጣኋት ብሎ ያዘ። የኋላ ወንበሯን ነቀለ። መከላከያ ብረቶቿን ፈታ። ከሞተሩ አጠገብ የምትቀመጠውን ትርፍ ጎማ አወጣ። የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ነቀምት ልኮ እመቃው እንዲጨምር አስጠረበው። ድርቤ እጇ ቀጭን ስለሆነ የካርቡሬተሩ ሥራ የእሷ ነበር። የደጋው አየር ስስ ነውና ቤንዚኑ እንዳይበዛባት ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ፣ ጂግለሩን፣ በጠባብ ለወጠችው።

«ክብደት ጉልበት ይበላል» ይላል አባቷ፣ አንድ ቡሎን በፈታ ቁጥር። ለምን እንደሚደክም ግን አይናገርም።

ድርቤ ስምንተኛ ክፍል ናት። ግንቦት ላይ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ኢዶሳ ሞረዳ በልጆች መሐል ቆሞ ጮኸባት።

«ድርቤ! አባትሽ መኪናዋን የሚያቀልላት ለምንድን ነው? ድሮም ሲሸሽ ፈጣን ነበር እኮ!»

ልጆቹ ሳቁ። ድርቤ ደብተሮቿን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ቀረብ አለችና አፉን በቡጢ አለችው። የፊት ጥርሱ ወለቀ። እሱም ፀጉሯን ጨምድዶ ከግንቡ ጋር አጋጫት፤ ቅንድቧ ተተረተረ። መምህሩ ደርሶ ሁለቱንም በአለንጋ ገረፋቸው። ድርቤ ኢዶሳን መታችው እንጂ ውሸታም አላለችውም። ነገሩ እውነት ነበር።

ዋጋሪ ድሮ የጭነት መኪና ሾፌር፣ የኢዶሳ አባት ሞረዳም ረዳቱ ነበር። ዳገት ላይ ረዳት ታኮ ይዞ ከኋላ ይሮጣል፤ መኪናው ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ታኮውን ጎማው ሥር ይወሽቃል። ያኔም ሽፍቶች ነበሩና መታጠፊያው ላይ ሲወጡ ሞረዳ መሬት ላይ ነበር። ጮኸ። ዋጋሪ ነዳጅ ሰጠ እንጂ አልቆመም። ሽፍቶቹ የሞረዳን ግራ እጅ በገጀራ ቆረጡት።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ዋጋሪ ከብት ሊከፍል ቀረበ። ሞረዳ «ከብት ምን ይሠራልኛል? ስጮህ መቆም ነበረበት። ያልቆመበትን በምን ይከፍለኛል?» ብሎ ተነሥቶ ሄደ። ዕዳው እንዳለ ቀረ። ዋጋሪም መንዳት ትቶ ጋራዥ ከፈተ፤ ያንን ዳገት ዳግመኛ አልወረደም።

ሐምሌ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ የጋራዡ በር ተደበደበ። ድርቤ ከፈተች። ኢዶሳ ነው። ሸሚዙ በደም ተነክሯል፤ ቆላ ካለው ቤታቸው በአቋራጩ ዳገቱን ሮጦ ወጥቶ ትንፋሹ ተቆራርጧል።

«አባትሽ አለ?»

«ምን ፈለግህ?»

«አባቴን ተኩሰው መቱት። ጭኑን። ጎተራችንን ሊዘርፉ መጥተው… ደሙ አልቆም አለ። ባለ መኪና ሁሉ ለመንኩ፤ ማንም አይወርድም።»

ድርቤ ወደ ውስጥ ዘወር ብላ አየች። አባቷ ጓዳ ጋደም ብሏል፤ አልሰማም። «የለም» ብትል ኢዶሳ ይሄዳል። አባቷም ማታ ራቱን ይበላል።

«የጥርሴን ትቼልሻለሁ» አለ ኢዶሳ። «በእናትሽ፣ ድርቤ።»

«እኔ የቅንድቤን አልተውኩልህም» አለችው። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «አባ! ተነሥ። ሞረዳን መትተውታል።»

ዋጋሪ ወጣ። ኢዶሳን አየው። ጫማውን አሰረ። «ሞተሯ ከጠፋች ማኒቬላ የሚያዞርልኝ ሰው ያስፈልገኛል» አለ። «ነይ።»

ሦስቱ ሲወርዱ ማንም አልነካቸውም። ሽፍታ ባዶ መኪና ምን ያደርግለታል፤ ሲመለስ ይጠብቀዋል እንጂ። መታጠፊያው ላይ የተቃጠለ የጭነት መኪና ተጋድሟል። አጠገቡ ጫማው የተወለቀ ሬሳ ነበር፤ አሞሮቹ መኪናዋ ስታልፍ እንኳ አልተነሡም።

ሞረዳ ጭኑ በጠፍር ታስሮ ግቢው ውስጥ ተኝቷል። ፊቱ አመድ መስሏል። ዋጋሪን ሲያይ ዓይኑን ጠበብ አደረገ።

«አካም፣ ዋጋሪ። መንገዱ ጠፍቶብህ ነበር እንዴ?»

ዋጋሪ ጎኑ ተንበረከከ። ብብቱ ሥር ገብቶ አነሣው። በኋላ በር አስገብተው አስተኙት። ኢዶሳ ጎኑ ተንበርክኮ ቁስሉን በሁለት እጁ ተጫነው።

መኪናዋ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ያዘችው። ሞተሯ እንደ ንብ ቀፎ ይጮሃል። ድርቤ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ግን ዝናብ የጠጣው ቀይ ጭቃ ጠበቃቸው። የፊት ጎማዎቿ ባዶውን ዞሩ፤ ጭቃ ረጩ። መኪናዋ ቆመች።

«ፊቷ ቀለለ» አለ ዋጋሪ።

እላይ ዲጋ ሁሌም የሚሞክሯት ባዶዋን ነበር። አሁን ሁለት ሰው ከኋላ ሲጫን አፍንጫዋ ተነሣ፤ ጎማዎቿን ጭቃው ላይ የሚጫንላት ነገር የለም።

«እኔ ኮፈኖው ላይ ልውጣ» አለች ድርቤ።

«አንቺ ምን ክብደት አለሽ! መሪውን ያዢ።»

«አባ፣ እኔ እኮ ግቢ ውስጥ ነው የነዳሁት።»

«ይኸውም ያው መሪ ነው።»

ወርዶ ኮፈኖው ላይ ወጣ፤ ጀርባውን ለመንገዱ፣ ፊቱን ለእሷ ሰጥቶ፣ የፊት መስታወቱን ጠርዝ ጨበጠ። በመስታወቱ ጮኸላት።

«ከወደቅሁ አትቁሚ! ሰማሽ?»

ድርቤ ማርሽ አስገባች። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላ ለቀቀች። ጎማዎቹ አንዴ ዞሩ፤ ከዚያ ነከሱ። መኪናዋ መራመድ ጀመረች።

ያን ጊዜ ከጥሻው ወጡ። አንዱ ጠመንጃ ደግኖ ተኮሰ፤ የጎን መስታወት ረገፈ። ሌላው ገጀራ ይዞ ከጎን ይሮጣል። ፊቱ የተራበ ሰው ፊት ነበር። የዋጋሪን እግር በገጀራ መታው። ዋጋሪ በሌላው እግሩ ፊቱን ረገጠው። ሰውዬው ተንገዳግዶ ደግሞ መጣ፤ ደግሞ መታው። ደሙ የፊት መስታወቱን ሸፈነው። ድርቤ መንገዱ ጠፋባት። መጥረጊያውን ከፈተች። መጥረጊያው የአባቷን ደም ወዲያና ወዲህ ይጠርጋል፤ በመሐሉ የአባቷ ፊት ይታያል፣ ይጠፋል።

መጥረጊያው ሲመለስ ፊቱ አልነበረም።

መኪናዋ ጭቃውን ጨርሳ ጠጠሩ ላይ ወጥታለች። ሸክሟ ቀልሎላት ወደፊት ተወነጨፈች። ከኋላ «ንጂ! ንጂ!» የሚል የአባቷ ድምፅ ይሰማል። የዳገቱ ጫፍ ከፊቷ ነው። በኋላ ማያ መስታወቱ አየችው፤ በክንዱ ተደግፎ ሊነሣ ይታገላል። ባለ ገጀራው እየተራመደ ይመጣል። አይሮጥም።

ድርቤ እግሯን ከነዳጁ አነሣች። ቆመች።

«ኢዶሳ!»

«ሂድ» አለ ሞረዳ። ባለ አንድ እጁ ሰው ቁስሉን ራሱ ያዘ። «ሂድ አልኩህ!»

ኢዶሳ ማኒቬላውን ይዞ በኋላ በር ዘለለ። ባለ ገጀራው ሲዞር ክንዱን በብረቱ መታው፤ አጥንት ሲሰበር ድርቤ ከመኪናው ውስጥ ሰማችው። ሰውዬው ጮሆ ወደቀ። ባለ ጠመንጃው ጥይት እያጎረሰ ነው። ድርቤ ማርሹን አውጥታ፣ ፍሬኑን ረግጣ፣ ሞተሩ እንዳይጠፋ ሌላውን እግሯን ነዳጁ ላይ አሳርፋ፣ ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች። ኢዶሳ ዋጋሪን በብብቱ ይዞ ይጎትታል። ባለ ጠመንጃው ተኮሰ፤ ጠጠሩ ተበተነ። ዋጋሪ በተከፈተው የኋላ በር ሞረዳ ላይ ተጣለ፤ ኢዶሳም ዘሎ ገባ።

«ንጂ!» አለ ኢዶሳ።

ነዳች።

ጫፉ ላይ ደረሱ። ኢዶሳ ሸሚዙን ቀድዶ የዋጋሪን እግር ከጉልበቱ በላይ ያስራል።

«አትቁሚ ብዬሽ ነበር» አለ ዋጋሪ። ድምፁ ደክሟል።

«ሰምቼሃለሁ» አለች ድርቤ።

ሞረዳ ጎን ለጎን ተኝቶ የመኪናዋን ጣሪያ ያያል። ፊቱን ወደ ዋጋሪ አዞረ።

«ተዋት። ቆማለች።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ዋጋሪ፣ ያ ዕዳ ወርዶልሃል። ከእንግዲህ ሽማግሌ እንዳትልክብኝ። ደምህን ደግሞ ወደዚያ አፍስስ፤ የራሴ ይበቃኛል።»

ዋጋሪ ሊስቅ ሞከረ፤ አልቻለም። እጁን ዘርግቶ የሞረዳን ትከሻ ያዘ። ሞረዳም አልገፋውም።

የዲጋ ቤቶች ታዩ። ሐኪም ቤቱ ያለው ነቀምት ነው፤ ገና ሩቅ ነው።

«ኢዶሳ፣ ሁለቱንም ይዘሃቸዋል?»

«ይዣቸዋለሁ።»

ድርቤ ሦስተኛ ማርሽ አስገባች።